ሰርግ በልቶ ለቅሶ የቀረ ክለብ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የ14 ዓመት ልጄ የቤዝቦል ክለቡ የዶጀርስ ነገር አይሆንለትም። አምና ጁን ላይ፣ በኢሚግሬሽን አፈሳው ሰሞን፣ የሜክሲኮ ልጆች የሆኑ ጓደኞቹ የክለቡን ኮፍያ አውልቀው ጣሉ፤ እሱንም ‘አውልቅ’ አሉት። አንዲት ዘፋኝ ብሔራዊ መዝሙሩን በስፓኒሽ ዘፈነች ተብሎም ትምህርት ቤት ውስጥ ተጨቃጨቁ። እኔ ‘ኳስ ኳስ ነው፣ ፖለቲካ ፖለቲካ ነው’ ብዬ ልመክረው ስጀምር ‘ፈይሳ እጁን ሲያጣምር አልቅሰህ አልነበር?’ አለኝ። መልስ አጣሁ። ለመሆኑ አንድ የቤዝቦል ክለብ ስለ ኢሚግሬሽን ምን እንዲያደርግ ነው የሚፈልጉት? መዝሙሩንስ በስፓኒሽ መዝፈን ክልክል ነው?»

ምላሽ፦

ልጅዎ በጥሩ ምሳሌ ነው የረታዎት። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር። ስለ ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

አጭሩን ላስቀድም። መዝሙሩን በስፓኒሽ መዝፈን ክልክል አይደለም። እንዲያውም የስፓኒሹን ግጥም ያስጻፈው ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። የልጅዎ ጓደኞች ደግሞ የተቆጡት ክለቡ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም ብለው አይደለም። ለቅሶ አልደረሰም ብለው ነው። የእኛ ሰው ይህን ቁጣ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰርጋችንን የበላ ሰው ለቅሶአችን ላይ ሲቀር ዝም ብለን አናልፈውም። «ሥራ ይዞት ይሆናል» የምንለው አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ነው።

የስፖርት ታሪክ አስተምራለሁ። ቤዝቦልን የተማርኩት ግን ሳህን እያጠብኩ ነው። ሎስ አንጀለስ በገባሁ ሰሞን ማታ ማታ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ እሠራ ነበር። አብሳዮቹ ከሜክሲኮ፣ ከኦአሃካ የመጡ ናቸው። ከምድጃው በላይ መደርደሪያ ላይ ዘይት የጠገበች ትንሽ ሬዲዮ አለች። ጣቢያዋን የሚነካ የለም። ሃይሜ ሃሪን የሚባል ሰው የዶጀርስን ጨዋታ በስፓኒሽ ያስተላልፋል። እኔ ስፓኒሽ አልሰማም፤ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አልነበረም። «ሴ ባ፣ ሴ ባ፣ ሴ ባ!» ሲል ግን ጓዳው ቀጥ ይላል። «ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች» ማለት ነው። ኳሷ አጥር ልታልፍ ነው። ቢላ የያዘው ቢላውን፣ ጭልፋ የያዘው ጭልፋውን እንደያዘ ወደ ሬዲዮዋ ያንጋጥጣል። የቀይ ሽንኩርቱ ማረር የሚታወቀን በኋላ ነው።

ሃሪን የኢኳዶር ተወላጅ ነው። ከ1959 እስከ 2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለ64 የውድድር ዓመት ይህንኑ ሥራ ሠራ። እንግዲህ አስቡት። ክለቡ እነዚህን ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው፣ ጓዳቸው ድረስ ገብቶ ነው የጠራቸው። ይህን ይያዙልኝ።

አሁን ወደ መሬቱ። ስታዲየሙ ያለበት ቦታ ቻቬዝ ራቪን ይባላል። በፊት ፓሎ ቬርዴ፣ ላ ሎማና ቢሾፕ የሚባሉ ሦስት ሰፈሮች ነበሩበት። ኗሪው በብዛት ከሜክሲኮ ወገን ነው። ከተማ መሐል ሆኖ ፍየልና ዶሮ የሚያረባ ድሃ ሰፈር። በ1950 ከከተማው ደብዳቤ መጣላቸው። የመንግሥት ቤቶች ሊሠሩ ስለሆነ ልቀቁ፣ ሲያልቅ ቅድሚያው የእናንተ ነው የሚል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ዓይነት ደብዳቤ ማብራራት አያስፈልገኝም። አብዛኛው ወጣ። ቤቶቹ ግን አልተሠሩም። በ1953 አዲስ የተመረጠው ከንቲባ «የመንግሥት ቤት የሶሻሊዝም ነገር ነው» ከሚሉት ወገን ስለነበር ዕቅዱ ተሰረዘ። መሬቱ ባዶውን ቀረ።

ቀጥሎ የዶጀርስ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ መጣ። ክለቡን ከብሩክሊን ነቅሎ የሚተክልበት ቦታ ይፈልጋል። በ1958 ነገሩ ለከተማው ሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በጠባብ ልዩነት አለፈ። በሜይ 1959 የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች በግድ ወጡ። የአሬቺጋ ቤተሰብ አንዷን ሴት ልጅ የሸሪፉ ሰዎች እጅና እግሯን ይዘው ከቤቷ ሲያወጧት ፎቶ ተነስታለች። ፎቶው ዛሬም ከእጅ እጅ ይዞራል። ስታዲየሙ ኤፕሪል 10 ቀን 1962 ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ያንን ደጅ አልረግጥም ያለ ቤተሰብ ብዙ ነበር። ያስታረቃቸው አንድ የ20 ዓመት ልጅ ነው። ፈርናንዶ ቫሌንዙዌላ ይባላል። ሶኖራ በምትባለው የሜክሲኮ ግዛት፣ ኤቾዋኪላ ከምትባል ትንሽ መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ። ለቤቱ አሥራ ሁለተኛ። ቦርጭ ቢጤ አለው፤ ስፖርተኛ አይመስልም። ኳሷን ሊወረውር ሲል ዓይኑን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ኤፕሪል 9 ቀን 1981 ተረኛው ወርዋሪ ሲጎዳ «እስቲ አንተ ግባ» ተባለ። ተጋጣሚውን ያለ አንድ ነጥብ ሸኘ። በጀመራቸው የመጀመሪያ ስምንት ጨዋታዎች ሁሉንም አሸነፈ፤ አምስቱ ላይ ባላንጣው ዜሮ ነው የወጣው። በዚያው ዓመት የምርጥ ጀማሪንም የምርጥ ወርዋሪንም ሽልማት ወሰደ። ሁለቱን ባንድ ዓመት የወሰደ ከእሱ በፊት አልነበረም። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ያስተረጉምለት የነበረው ማን ይመስልዎታል? ያው ሃሪን።

ያኔ ነው ስታዲየሙ የተቀየረው። አልረግጥም ያሉት አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ። ዛሬ ከላይኛው መቀመጫ ሆነው ቢያዩ በየደረጃው 34 ቁጥር ያለበት ማሊያ ያያሉ። የፈርናንዶ ቁጥር ነው። ክለቡ በ2023 ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው አድርጎ አከበረው። ፈርናንዶ ኦክቶበር 22 ቀን 2024 በ63 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ሰሞን ዶጀርስ ሻምፒዮን ሆነ፤ ተጫዋቾቹ ቁጥሩን እጅጌያቸው ላይ ሰፍተው ነበር። ክለቡ ለእሱ ለቅሶ ደርሷል። ለጎረቤቶቹስ?

ጁን 6 ቀን 2025፣ ዓርብ፣ አፈሳው ጀመረ። የኢሚግሬሽን ሰዎች፣ እኛ «አይስ» የምንላቸው፣ መሐል ከተማ ያለ የልብስ መጋዘንና የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበት የሆም ዲፖ መደብር ደጅ ላይ ደረሱ። ሕዝቡ ወጣ። በማግስቱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ብሔራዊ ዘብ እንዲገባ አዘዙ፤ ከዚያ 700 ማሪን ተጨመረ። መሐል ከተማው ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ዶጀርስ ምንም አላለም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ አሁንም ምንም። ደጋፊው ሰልፍ ላይ የወጣው ሰማያዊውን የክለቡን ኮፍያ አድርጎ ነበር። ኮፍያው አለ፤ ክለቡ የለም።

ጁን 14 ቅዳሜ ነው። ኔዛ የተባለችው ዘፋኝ መዝሙሩን እንድትዘፍን ተጋብዛለች። ወላጆቿ ከኮሎምቢያና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ናቸው። ራሷ በለቀቀችው ቪዲዮ ላይ ከክለቡ ሠራተኛ ሲነገራት ይሰማል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ነው የምናደርገው፣ አልተነገረሽ እንደሆነ እንጃ፣ የሚል ነገር። ድምፁ ቁጣ የለበትም። እንዲያውም ትሁት ነው። የዚህች ከተማ ነገር እንዲህ ነው፤ የሚከለክልሽ ሰው ፈገግ ብሎ ነው የሚከለክልሽ። ኔዛ የዶሚኒካን ማሊያ ለብሳ ወጣችና በስፓኒሽ ዘፈነች። ሁለተኛ እንዳትመጣ በወኪሏ በኩል ተነግሮኛል አለች። ክለቡ ደግሞ በሩ ክፍት ነው አለ።

ስለ ግጥሙ ቃል በገባሁት መሠረት። «ኤል ፔንዶን ኤስትሬያዶ» ይባላል፤ ባለ ኮከቡ ሰንደቅ እንደ ማለት። በ1945 ያስጻፈው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ከላቲን አሜሪካ ጋር መልካም ጉርብትና ይፈልግ ነበር። የጻፈችው ክሎቲልዴ አሪያስ የፔሩ ሰው ናት፤ በ1923 ኒው ዮርክ ገብታ ሙዚቃና ማስታወቂያ ስትሠራ የኖረች። የተጠየቀችው ትርጉሙን ብቻ አይደለም። በዚያው ዜማ መዘፈን አለበት። ዜማ ሳይሰበር ቋንቋ መቀየር ምን ያህል እንደሚከብድ መዝሙር የተረጎመ ያውቀዋል። እንግዲህ ኔዛ የዘፈነችው ይህንኑ የ80 ዓመት ሰነድ ነው። በማርች 2025 እንግሊዝኛ የአገሪቱ ይፋ ቋንቋ እንዲሆን የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ የዘፋኝን አፍ አይመለከትም።

በነገራችን ላይ ጠቡ የቋንቋ ብቻ እንዳይመስልዎት። በ1968 ዲትሮይት ላይ ሆሴ ፌሊሲያኖ የሚባል የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ፣ ዓይነ ስውር ጊታሪስት፣ መዝሙሩን በእንግሊዝኛ ነው የዘፈነው። ቃሉን አልነካም። ግን ጊታሩን ይዞ ለስለስ አድርጎ፣ በራሱ ቅላፄ ተጫወተው። አገር ተናወጠ። ለዓመታት ዘፈኑን የሚያጫውት ሬዲዮ አነሰ። ስለዚህ ሰውን የሚያስቆጣው ስፓኒሹ ራሱ አይመስለኝም። «ይህ መዝሙር የእኔም ነው» የሚለው ድፍረት ነው። እንግዳ ሆኖ ቢዘፍን ያጨበጭቡለታል። ባለቤት ሆኖ ሲዘፍን ነው ጉዱ።

በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ከተማ፣ ኤንጅል ሲቲ የተባለው የሴቶች እግር ኳስ ክለብ ደግሞ ሌላ ነገር አደረገ። ተጫዋቾቹ «የስደተኛ ከተማ እግር ኳስ ክለብ» የሚል ቲሸርት ለብሰው ወጡ። ጀርባው ላይ ሎስ አንጀለስ የሁሉም ነች ይላል፤ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም። ለደጋፊም አሥር ሺህ ቲሸርት አደሉ። ክለቡ ከተመሠረተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። የዶጀርስን ገንዘብ ሩቡንም አያውቅም። እና ሰው ሁለቱን አነጻጸረ። አይፈረድበትም።

ጁን 19 ሐሙስ ጠዋት የፌዴራል ሰዎችና መኪኖቻቸው ስታዲየሙ ደጅ ታዩ። ክለቡ «ፓርኪንጋችን ውስጥ ለመግባት ጠየቁን፣ ከለከልናቸው» አለ። አይስ «እኛ እዚያ አልነበርንም» አለ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መኪኖች ለአጭር ጊዜ ቆመው ነበር፣ ከአፈሳው ጋር አይገናኝም አለ። ማን ምን ነበረ የሚለውን ለጊዜው እንተወው። እኔን የገረመኝ ቦታው ነው። ከ66 ዓመት በፊት ያች ሴት እጅና እግሯን ተይዛ የወጣችበት ኮረብታ ነው። አሁን ደግሞ በሩን የዘጋው ክለቡ ነው። ተቃዋሚዎች ወዲያው ደርሰው ደጁን ሞሉት። አንዳንዱ ለማመስገን፣ አንዳንዱ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ለማለት።

በማግስቱ ክለቡ ለተጎዱ የስደተኛ ቤተሰቦች አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ ተናገረ። ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆኖ የሚከፋፈል። መግለጫው አይስን በስም አያነሳም። እድር ያለው ሰው ይህ ይገባዋል። ድንኳኑ ውስጥ ሳይቀመጥ፣ ሦስት ቀን ሳያድር፣ ፖስታ ልኮ የሚቀር ሰው አለ። ፖስታው ወፍራም ሊሆን ይችላል። ያዘንተኛው ቤት ግን የሚያስታውሰው ወንበሩ ባዶ መሆኑን ነው። የልጅዎ ጓደኞች ኮፍያ የጣሉት በዚህ ነው። ብሩን ንቀው አይደለም።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ከሚሊዮኑ ይልቅ የበሩን መዘጋት አከብራለሁ። ገንዘቡ ለተቸገረ ቤተሰብ ነው፣ አላናንቀውም። ግን ለዚያ ክለብ አንድ ሚሊዮን የአንድ ተጫዋች የጥቂት ቀን ደሞዝ ነው።

ተጫዋቾቹስ ለምን ዝም አሉ? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከሊጉ ተጫዋቾች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ብዙዎቹ በሥራ ቪዛ ነው ያሉት። ቪዛ ይዞ አሠሪውንና መንግሥትን አንድ ላይ መጋፈጥ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ልንገር? ከዶጀርስ ልጆች ቀድሞ ድምፁን ያሰማው ኪኬ ሄርናንዴዝ ነው። ይህች ከተማ እንደ ልጇ ተቀብላኛለች፣ በሚሆነው ነገር አዝኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ ብሎ ጻፈ። ኪኬ የፖርቶ ሪኮ ልጅ ነው። ፖርቶ ሪኮ የተወለደ ደግሞ ሲወለድ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ድፍረቱን ለማሳነስ አይደለም። የፓስፖርቱን ቀለም ግን ልብ ይሏል።

ክለብ ሲፈልግ ምን ማድረግ እንደሚችል ያየነው በ2010 ነው። አሪዞና የተባለችው ግዛት፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆመውን ሰው ከጠረጠረው የመኖሪያ ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ኤፕሪል 23 ተፈረመ። የፊኒክስ ሳንስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። ሜይ 5 ቀን፣ ሜክሲኳውያን በሚያከብሩት ቀን፣ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ላይ «ሎስ ሳንስ» የሚል ማሊያ ለብሶ ወጣ። ሐሳቡን ያመጣው ባለቤቱ ነው፤ ተጫዋቾቹም ተስማሙ። ጆሃንስበርግ ተወልዶ ካናዳ ያደገው ስቲቭ ናሽ ከፊት ሆኖ ተናገረ። ሳን አንቶኒዮን 110 ለ102 አሸነፉ። ደስ የሚለው ነገር ማሊያው ለተቃውሞ የተሰፋ አልነበረም። ሊጉ ለላቲኖ ገበያ ብሎ ያዘጋጀው ነው። ስፓኒሹም ግማሽ ነው፤ «ሳንስ» የሚለውን ለመተርጎም እንኳ አልተጨነቁም። መሸጫ የነበረው ጨርቅ በአንድ ማታ ሌላ ነገር ሆነ። ከሕጉ አራት አከራካሪ ክፍሎች ሦስቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ጣለ፤ ወረቀት የመጠየቁን ክፍል ግን አልጣለም። ማሊያው ጣለው እያልኩ አይደለም። ግን ያን ማታ ስታዲየም የገባ ሜክሲኳዊ አባት ለልጁ የሚያሳየው ነገር ነበረው።

በ2026 ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የፍጻሜ ጨዋታውን፣ የሱፐር ቦውሉን፣ የእረፍት ሰዓት ለፖርቶ ሪኮው ዘፋኝ ለባድ ባኒ ሰጠው። ቀደም ብሎ ያው ልጅ ኮንሰርቴ ደጃፍ አይስ ይቆማል ብዬ ፈርቼ ነው አሜሪካን ከጉዞዬ ያወጣሁት ብሎ ነበር። መጥቶ በስፓኒሽ ዘፈነ፣ ሜዳው ላይ ሙሽሮች ተዳሩ፣ የአሜሪካን አህጉር አገሮች በስም እየጠራ ወጣ። በጣም ያምር ነበር። ሰርግ መደገስ ላይ ሊጎቹ ችግር የለባቸውም፤ ገበያው የት እንዳለ ያውቃሉ።

ፈይሳ። ኦገስት 21 ቀን 2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ፣ መንግሥትን ለመቃወም እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። ከዚያ አገሩ የገባው በኦክቶበር 2018 ነው። የነበረው ነገር ጥቂት ሰከንድ ካሜራና ሁለት እጁ ነው፤ ሁለቱንም ተጠቀመባቸው። ዋጋውንም ከፈለ። ልጅዎ ያመጣው ምሳሌ የሚገጥመው ለኔዛና ለኪኬ ነው። ለክለቡ የሚቀርበው ጥያቄ ግን ይለያል። ከክለቡ ጀግንነት የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ጉርብትና ነው።

እኛም እኮ ጁላይ ሲመጣ፣ ከ1984 ጀምሮ፣ ሰሜን አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን ለዓመታዊው የእግር ኳስ ውድድራችን እንሰባሰባለን እንላለን። ስንቶቻችን ነን ውጤቱን የምናውቀው? ቡና ፍለጋ፣ ክትፎ ፍለጋ፣ የአብሮ አደግ ፊት ፍለጋ ነው የምንሄደው። አንድ ዓመት የዚያ ሜዳ መግቢያ ላይ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ቢቆሙ ከአዘጋጆቹ ምን ይጠብቃሉ? «ኳስ ኳስ ነው» ቢሉዎት ምን ይሰማዎታል? ለልጅዎ ጓደኞች ዶጀርስ ይኸው ነው።

ሌላውንም ልበል። ሁሉም ላቲኖ እንዲህ አያስብም። ትራምፕን የመረጠ የዶጀርስ ደጋፊ ሞልቷል፤ ለጨዋታ ከፍዬ ስብከት አልሰማም የሚልም አለ። ኩርፊያው መቀመጫ አላስለቀቀም። በ2025 ስታዲየሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አስገባ፤ ክለቡም እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። የተቆጣውም ሰው ራሱ በኦክቶበር ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር። ቤተሰብ ላይ መቆጣት እንዲህ ነው፤ ቂም ይዘህም ፋሲካን አብረህ ትበላለህ።

ስለ ኮፍያው፣ ውሳኔውን ለልጁ ይተዉለት። አንድ ነገር ግን ያድርጉ። ቅዳሜ ቦይል ሃይትስ ወደሚባለው ሰፈር ይውሰዱት። እዚያ ቦይል የሚባል ሆቴል ግድግዳ ላይ የፈርናንዶ ትልቅ ሥዕል አለ። ሥሩ የቆመ ሽማግሌ አይጠፋም። «1981ን ያስታውሳሉ?» ብሎ ይጠይቅ። እንግሊዝኛ ባይችሉ ልጅዎ ያስተረጉማል፤ መቼም ከጓደኞቹ ጋር ሲውል ስፓኒሹን ለቃቅሟል።